የአያት ዝናርና የናስ ቀለሃ፦ በቤት ውስጥ አጽድቶና መዝግቦ ማስቀመጥ

በጎንደርና በዙሪያዋ ከአያት ለልጅ ልጅ የተላለፈ የቆዳ ዝናር ያለበት ቤት ጥቂት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ባዶ ቀለሃው ኪሱ ውስጥ እንደተሰካ ይኖራል፤ በዓል ሲመጣ ይወለወላል፣ ይታጠቃል፣ ከዚያ ወደ ኩላቡ ይመለሳል። ቆዳው የሚፈረካከሰው፣ ናሱም አረንጓዴ የሚያወጣው በዕድሜ ብቻ አይደለም። ትልቁ ጥፋት ሁለቱ ተጣብቀው መኖራቸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ በፍቅር የሚደረግላቸው ነገር ነው፦ ሎሚና አመድ፣ ቅቤ፣ ብራሶ (በቆርቆሮ የሚሸጥ የናስ ማወልወያ)።

እዚህ የሚገኘው ባዶ ቀለሃን ከቆዳ ለይቶ የማጽዳት፣ የማንነቱን የመለየትና የማስቀመጥ ሥራ ነው። ቀለሃውን መልሶ መሙላት የዚህ ሥራ አካል አይደለም፤ ሊሆንም አይገባም። የዚያ ዘመን ጥይት መለኮሻ (ተመትቶ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ክፍል) ብዙ ጊዜ ሜርኩሪ ነበረበት፤ ሜርኩሪ በተኩሱ ጊዜ ናሱ ውስጥ ይገባና ተሰባሪ ያደርገዋል። ላይ ላዩን ጤነኛ የሚመስል ቀለሃ ውስጡ የሞተ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ባዶ ነው ወይ?

ዝናሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው እያንዳንዱን ኪስ ይመልከቱ። አፉ ላይ አረር ያለበት ሁሉ፣ ምንም ያህል ቢዝግ፣ ሕያው ጥይት ነው። መቀመጫው (የቀለሃው ዝግ ጫፍ) ላይ የጠመንጃው መርፌ ምልክት እያለበት አረሩ ያልወጣ ደግሞ ተመትቶ ያልፈነዳ ስለሆነ ይበልጥ ያስፈራል። እንዲህ ያለውን አረሩን በጉጠት ለመንቀል፣ ለመቀጥቀጥ፣ ለማሞቅ ወይም ለመንከር ፈጽሞ አይሞክሩ። ኪሱ ውስጥ የተጣበቀ ከሆነም ሳያወጡ እዚያው ይተዉትና ልጆች ከማይደርሱበት፣ ከእሳት ከራቀ ቦታ አድርገው ለፖሊስ ያሳውቁ። የጦር መሣሪያና ጥይት ይዞታ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ስለሆነ፣ ከዝናሩ ጋር ጠመንጃ ካለ የፈቃዱ ጉዳይ አስቀድሞ ያለቀ መሆን አለበት።

አረር የሌለው ሁሉ ባዶ ነው ማለትም አይደለም። ቀለሃውን ገልብጠው የመቀመጫውን መሐል ይዩ። እዚያ ያለችው ትንሽ ክብ ክዳን መለኮሻው ናት። በመርፌ ተመትታ ከተሰረጎደች ተተኩሷል። ለስላሳና ሙሉ ከሆነች ግን ባሩዱ ቢፈስም መለኮሻው አልሞተም፤ ሲመታ ይፈነዳል። እንደ ሕያው ጥይት ይቁጠሩት። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ተተኩሶ ባዶውን ለቀረ ቀለሃ ብቻ ነው።

መቼ ይሠራ፣ በምን ይሠራ

ክረምት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው አየር እርጥብ ስለሆነ የታጠበ ናስ ቶሎ አይደርቅም፣ የተከፈተ ቆዳም ሻጋታ ይይዛል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው በጋ የተመቸ ነው። ለጥምቀት የሚወጣ ዝናር ከሆነ ከጥር 11 በኋላ መሥራት ይበልጣል፤ ላቡና አቧራው ቆዳው ላይ ከመክረሙ በፊት ይነሳል።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ የላስቲክ ጓንት፣ የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ የተቀረጸ የቀርከሃ ወይም የእንጨት ስንጥር፣ የጆሮ ጥጥ፣ ነጭ ያረጀ የጥጥ ጨርቅ፣ የስፌት ክርና እርሳስ፣ 90 ከመቶ እና ከዚያ በላይ የሆነ አልኮል፣ አንድ ሊትር አኳራጅ (የቅባት ቀለም ማቅጠኛ)፣ ጥቂት ሊትር የተጣራ ውሃ። የተጣራ ውሃ ለመኪና ባትሪ ተብሎ ይሸጣል፤ ሲገዙ ግን አሲዱ አለመሆኑን ያረጋግጡ፣ ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ ላይ ይገኛሉ። ከአኳራጅ ይልቅ ዲሉየንት ቢሰጥዎ አይቀበሉ፤ ዲሉየንት የቆዳውን ቀለም ያነሳል። አልኮሉም አኳራጁም እሳት ይስባሉና ከምድጃም ከሲጋራም ርቆ፣ መስኮት ተከፍቶ ይሠራ።

አረንጓዴው የመዳብ ጨው መርዝ ነው። ምግብ በሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ አይፈርፍሩት፤ ብናኙንም በእርጥብ ወረቀት ጠርገው ይጣሉ።

ቀለሃውን ከኪሱ ማውጣት

ይህ የሥራው ሁሉ ከባዱ ክፍል ነው፤ አብዛኛው ዝናር የሚቀደደውም እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ ዝናሩን እንዳለ ከፊትና ከኋላ ፎቶ ያንሱ። ከግራ ጀምረው ለእያንዳንዱ ኪስ ቁጥር ይስጡ፤ ቀለሃው ሲወጣ ቁጥሩ የተጻፈበትን ቁራጭ ወረቀት በክር ያንጠልጥሉበት። ባለቤቱ የተለያየ ዓይነት ጥይት ቀላቅሎ ይዞ ሊሆን ይችላል። የትኛው የት እንደነበር የሚናገረው ያ ቅደም ተከተል ብቻ ነው።

ቀለሃውን በከንፈሩ (በመቀመጫው ዙሪያ ወጣ ባለው ጠርዝ) ይዘው ወደ ላይ አይሳቡ። ኪሱ ከታች ክፍት ከሆነ ከቀለሃው አፍ የቀጠነ ክብ እንጨት ከታች አስገብተው ቀስ ብለው ይግፉ፤ በሌላው እጅ ቀለሃውን ሩብ ዙር ወዲያ፣ ሩብ ዙር ወዲህ ያዙሩ። እምቢ ካለ የያዘው አረንጓዴ ሰም ነው። ይህ ሰም የሚፈጠረው ቆዳው ውስጥ ያለው ስብ ጊዜ ሲፈጅ አሲድ ሆኖ የናሱን መዳብ ሲበላ ነው። ቅቤና ሞራ በተቀባ ዝናር ላይ የሚበዛውም ስለዚህ ነው፤ ቅቤው ቆዳውን ያለሰለሰ ይመስላል እንጂ በዓመቱ ሻግቶ አሲድ ይጨምራል። ሰሙ በውሃ አይለቅም። ስንጥር በአኳራጅ ነክረው በናሱና በቆዳው መካከል ዙሪያውን ያስገቡ፣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይጠብቁ፣ እንደገና ያዙሩ። ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ካልወጣ ይተዉት። ከአንድ ቀለሃ አንድ ጤነኛ ኪስ ይበልጣል፤ የተቀደደ አሮጌ ቆዳ በስፌት አይድንም፣ መርፌው ራሱ እንደ ቴምብር ጠርዝ ይበሳሳዋል።

ቆዳውን ለማለስለስ ብሎ ውሃ ውስጥ መንከር ወይም ፀሐይ ላይ ማሞቅ ፈጽሞ አይደረግም። ረጥቦ የሞቀ አሮጌ ቆዳ ይኮማተራል፤ የተኮማተረ ቆዳ ተመልሶ አይዘረጋም።

ናሱን ማጽዳት

ከውጭ ይጀመር። በደረቅ ብሩሽ አቧራውን ያንሱ፤ አረንጓዴውን ሰም በእንጨት ስንጥር ይፋቁ፣ የቀረውን አኳራጅ በነካ ጥጥ ይጥረጉ። ቢላዋ፣ የብረት ብሩሽ፣ የብርጭቆ ወረቀትና የዕቃ ማጠቢያ ብረት ሱፍ አይነካውም። ከአረንጓዴው በታች ያለው ቡናማ ወይም ጥቁር ሽፋን ዝገት ተብሎ የሚነሳ አይደለም። የናሱ ቆዳ እሱ ነው፣ የታችኛውን ይጠብቃል። በመቀመጫው ላይ ያለው ጽሑፍ ተደጋግሞ ቢወለወል እየደበዘዘ የሚሄድ ቀጭን ምልክት ስለሆነ፣ ማብረቅ ማለት የቀለሃውን መታወቂያ መፋቅ ነው።

ሎሚና አመድ ለምን እንደሚከለከል በቅጡ መታወቅ አለበት፤ በየቤቱ የለመድነው ነውና። የጥይት ናስ ወደ 70 ከመቶ መዳብ፣ ወደ 30 ከመቶ ዚንክ ነው። አሲድ ሲነካው ዚንኩ ቀድሞ ይሟሟል። ሎሚ ላይ የቆየ ቀለሃ ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀለም የሚያወጣው ለዚህ ነው፦ ዚንኩ ወጥቶ የቀረው ስፖንጅ የመሰለ መዳብ ነው። አመዱ ደግሞ ይቧጭራል። ኮምጣጤም ያው ነው። ብራሶ መሰል ማወልወያዎች ብዙዎቹ አሞኒያ አለባቸው፤ የአሞኒያ ጉዳት ከሎሚ ይከፋል። ቀለሃ የሚሠራው ናስ እየተጎተተና እየተጨመቀ ስለሆነ ግድግዳው ውስጥ የተወጠረ ኃይል ይቀራል። አሞኒያ ሲያገኘው ናሱ ከአፉ ጀምሮ ወደ ታች በቁመቱ ይሰነጠቃል። በህንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በዝናብ ወራት ከፈረስ ጋጥ አጠገብ ያከማቻቸው ጥይቶች የተሰነጠቁት በዚህ ምክንያት ነበር፤ አሞኒያው የመጣው ከፈረሶቹ ሽንት ነው። ዝናሩ ከከብት ጋጥ ጋር ግድግዳ በሚጋራ ክፍል ውስጥ ከተሰቀለ ያው ነገር እዚህም ይደርሳል።

ውስጡ ሌላ ጉዳይ ነው። ጥቁር ባሩድም ሆነ የድሮ መለኮሻ ከተኩሱ በኋላ እርጥበት የሚስብ ጨው ትቶ ይሄዳል። ይህ ጨው በአልኮልም በአኳራጅም አይሟሟም፤ የሚያነሳው ውሃ ብቻ ነው። ስለዚህ፦

1. የተጣራውን ውሃ እጅ እስኪችለው ያሙቁ። ቀለሃውን ግማሽ ያህል ሞልተው አፉን በጣት ዘግተው ያንቀሳቅሱ፣ አምስት ደቂቃ አቆይተው ይድፉ። ጥቁር ውሃ ይወጣል። ውሃው እስኪጠራ ድረስ፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ ይድገሙ። የቧንቧ ውሃ ራሱ ጨው ስላለበት ለመጨረሻው እጥበት አይሆንም።

2. ውሃውን ካራገፉ በኋላ ወዲያው ውስጡንም ውጭውንም በአልኮል ያጥቡ። አልኮሉ የቀረውን ውሃ ይዞ ይተናል።

3. በጥጥ ጨርቅ ላይ አፉን ወደ ታች አድርገው በጥላ 24 ሰዓት ያድርቁ። ምጣድ ላይ ወይም ፍም አጠገብ ማድረቅ የለም።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ዓይነት አለ። የማርቲኒ ሄንሪ ጠመንጃ የመጀመሪያዎቹ ቀለሃዎች እንደ ወረቀት በተጠቀለለ ስስ ናስ የተሠሩ ናቸው፤ መቀመጫቸው ብረት፣ ውስጣቸው ወረቀት ነው። ጎኑ ላይ የጥቅል ጠርዝ የሚታይበት ቀለሃ ካገኙ ውሃ አያስነኩት፤ ብረቱ ይዝጋል፣ ወረቀቱ ይፈርሳል። በደረቅ ብሩሽ ብቻ ይበቃዋል።

ሲጨርሱ ቀለሃው ቢጫ ሆኖ ካላበራ ሥራው ያላለቀ አይምሰልዎ። ደረቅ፣ ጨርቅ ላይ አረንጓዴ የማይለቅ፣ ጽሑፉ የሚነበብ ቀለሃ የጸዳ ቀለሃ ነው።

የሚመለስ አረንጓዴ

ከሰሙ የተለየ፣ ዱቄት የመሰለ ፈዛዛ አረንጓዴ ነጥብ ታጥቦም ተመልሶ የሚወጣ ከሆነ ናሱ ውስጥ የጨው ክሎራይድ ገብቷል ማለት ነው፤ መሬት ውስጥ ተቀብረው በቆዩት ላይ ይበዛል። ለማረጋገጥ ቀለሃውን በክዳን ማሰሮ ውስጥ፣ እርጥብ ጥጥ አጠገቡ አድርገው (ሳይነካው) እስከ ሁለት ቀን ያቆዩት። አዲስ ብሩህ አረንጓዴ ነጥብ ካበቀለ ናሱ መበላቱን አላቆመም ማለት ነው። በቤት የሚድን አይደለም፤ ለብቻው በደረቅ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥና የአየሩን እርጥበት ከ40 ከመቶ በታች መያዝ ግን ያስቆመዋል።

የማን ጠመንጃ ቀለሃ ነው?

በማስመሪያ ይቻላል፣ በካሊፐር (ዕቃውን በሁለት መንጋጋ ይዞ በሚለካው መሣሪያ) ግን ይበልጥ ያስተማምናል። ሦስት ነገር ይለኩ፦ የቀለሃውን ቁመት፣ የአፉን ስፋት፣ የመቀመጫውን ስፋት። ቀጥሎም መቀመጫው ከአካሉ ወጣ ያለ ከንፈር እንዳለው ወይም ከአካሉ ጋር እኩል ሆኖ ዙሪያው በጎድጓዳ መስመር እንደተቆረጠ ያስተውሉ። ይህ አንድ ልዩነት ብቻ ግማሹን ጥያቄ ይመልሳል።

ከንፈር ያለው፣ ቁመቱ 59 ሚ.ሜ የሆነ ወፍራም ቀለሃ የፈረንሳዩ ግራ፣ በእኛ አጠራር የውጅግራ ነው፤ ጠመንጃው እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ፣ አረሩ 11 ሚ.ሜ ነው። የሩሲያው በርዳን ቁመቱ 58 ሚ.ሜ ስለሆነ በዓይን ከውጅግራ ይምታታል፤ ካሊፐር የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው። 47 ሚ.ሜ የሆነ አጭርና ወፍራም ከንፈራም ቀለሃ የጣሊያኑ ቬተርሊ (1870) ነው፤ አድዋ ላይ የጣሊያን ጦር በብዛት ይዞት የመጣው ጠመንጃ ነበር። 50 ሚ.ሜ ከሆነ ሁለት ዕድል አለ። የመቀመጫው ስፋት 16 ሚ.ሜ ከሆነና በመለኮሻው ዙሪያ የቀለበት ጎድጓድ ካለ የፈረንሳዩ ለበን (1886) ነው፤ ጎድጓዱ የተሠራው ጥይቶቹ በተርታ በሚቀመጡበት የጠመንጃው ቱቦ ውስጥ ከኋላ የሚመጣው ጥይት ጫፍ መለኮሻውን እንዳይነካ ነው። ስፋቱ 14 ሚ.ሜ ከሆነ የኦስትሪያው ማንሊኸር ነው። ከንፈር ያለው 56 ሚ.ሜ የእንግሊዝ ኤንፊልድ ነው። ከንፈር የሌላቸው ሁለት ብዙ ይገኛሉ፦ 52 ሚ.ሜ ቀጭን ከሆነ የጣሊያኑ ካርካኖ 6.5፣ 57 ሚ.ሜ ከሆነ ማውዘር።

ግማሽ ሚሊ ሜትር ወዲያ ወዲህ ቢል አያስደንግጥዎ፤ አፉ የተቆለመመ ቀለሃ እውነተኛ ቁመቱን አይሰጥም።

የመቀመጫውን ጽሑፍ ለማንበብ አይፈትጉት። ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክዎን መብራት ከጎን ዝቅ አድርገው ያብሩበት፣ ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል፤ ያኔ ፎቶ ያንሱ። ያለበለዚያ ስስ ወረቀት ጣል አድርገው ለስላሳ እርሳስ ያሹበት። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የፋብሪካው ምህጻርና የተሠራበት ዓመት ነው። ዓመቱ የፈረንጅ ነው፤ አንዳንዴም የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ብቻ ይጻፋሉ። 36 ቢል 1936 ማለት ነው፣ በእኛ 1928 ወይም 1929። እዚህ ላይ ሳያውቁ በእኛ አቆጣጠር የሚያነቡ አሉና የቤተሰቡን ታሪክ በሰባት በስምንት ዓመት ያዛቡታል። ቀለሃው የተሠራበት ዓመት ደግሞ የተተኮሰበት ዓመት አይደለም። ከተሠራ በኋላ ብዙ ዓመት ተከማችቶ ሊቆይ ይችላልና መዝገቡ ላይ ሁለቱን አያዋህዱ።

ቆዳው

በቆዳ ሥራ የመጀመሪያው ደንብ ትንሽ መሥራት ነው። ዝናሩን ዘርግተው በለስላሳ ብሩሽ፣ ከኪሶቹ ውስጥ ጭምር፣ አቧራውን ያውጡ። ከዚያ ከጀርባው በማይታይ ቦታ ላይ እርጥብ የጆሮ ጥጥ ይንኩት። ቦታው ወዲያው ጠቁሮ ከቀረ ወይም ጥጡ ላይ ቀይ ዱቄት ከያዘ ቆዳው በአሲድ ተበልቷል፤ ከዚህ በኋላ ውሃም፣ ዘይትም፣ የጫማ ቀለምም አይነካውም። ቀይ ዱቄት የሚለቅ ቆዳ ላይ ቅባት ቢፈስበት እንደ ጭቃ ጠቁሮ ይደርቃል። እንደዚህ ያለውን ጠፍጣፋ ካርቶን ላይ አጋድሞ መተው ነው።

ጤነኛ ከሆነ ተጨምቆ ነጠብጣብ በማይልበት እርጥብ ጨርቅ ላዩን ማበስ፣ በጥላ ማድረቅ ይበቃል። ነጭ ሻጋታ ካለ ከቤት ውጭ፣ መሸፈኛ አድርገው በደረቅ ብሩሽ ያንሱት። ትናንሽ ቀዳዳና ጥሩ ዱቄት ካዩ ቆዳ የሚበላ ነፍሳት አለ፤ ዝናሩን በሁለት ድርብ ላስቲክ ጥቅል አድርገው በጥልቅ ማቀዝቀዣ 20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለሁለት ሳምንት ያቆዩት፣ ሲያወጡት ላስቲኩን ሳይከፍቱ አንድ ቀን ይጠብቁ፤ አለዚያ ቀዝቃዛው ቆዳ ላብ ያወጣል። ዘለበቱ ብረት ከሆነ በጨርቅ ጫፍ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃዋል፤ ዘይቱ ቆዳው ላይ እንዳይሄድ ከሥሩ ስስ ላስቲክ ያስገቡ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አሲድና ጥላሸት ስላለበት አይሆንም።

የጨርቅ ዝናር ከሆነ በብሩሽ ማራገፍ እንጂ ማጠብ የለም፤ ሌላ ሥራ የለበትም።

ማስቀመጥ

ባዶ የቀሩት ኪሶች እንዳይጨማደዱ ነጭ ንጹሕ ወረቀት ወይም ጨርቅ በቀለሃው ውፍረት ጠቅልለው ይሰኩባቸው፤ ጋዜጣ አይሁን። ዝናሩ በዘለበቱ ተንጠልጥሎ ሊኖር አይገባም፤ ክብደቱ ሁሉ አንድ ስፌት ላይ ይወድቃል። በካርቶን ሣጥን ውስጥ ዘርግተው፣ በታጠበና ባልተቀለመ አቡጀዲ ይሸፍኑት። ቆዳ በታሸገ ላስቲክ ውስጥ ይሻግታል፤ ናስ ግን ተቃራኒው ነው፤ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ይስማማዋል። ለእያንዳንዱ የዕቃው ሊትር 20 ግራም ያህል ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) ያስገቡ። ከጫማና ከኤሌክትሮኒክስ ካርቶን የሚወጡት ትናንሽ ከረጢቶች ይሆናሉ፣ ግን አየር ስላገኛቸው ጠግበዋል፤ ፍሬዎቹን ከከረጢቱ አውጥተው በምድጃ 110 ዲግሪ ላይ ለሁለት ሦስት ሰዓት ካደረቁ በኋላ ይጠቀሙ። የእንጨት ሣጥን፣ በተለይ አዲስ የተሠራ፣ አሲድ ስለሚተነፍስ ለናስ አይመከርም። ከሜዳ የተለቀመ የእርሳስ አረር ካለ እዚያ ሣጥን ውስጥ ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ ዱቄቱ መርዝ ነው፣ በባዶ እጅ አይነካም።

ለበዓል ቀለሃውን ከዝናሩ ጋር ማሳየት የሚፈልግ ቤተሰብ ይኖራል፣ ተገቢም ነው። ለእያንዳንዱ ቀለሃ ከስስ ጠንካራ ጥርት ያለ የፖሊስተር ላስቲክ፣ ቀድሞ ለፕሮጀክተር ይሠራበት ከነበረው ዓይነት፣ አንድ ዙር ተኩል የሚሆን ጥቅል ቆርጠው ያልብሱትና ይሰኩት፤ ከሩቅ አይታይም፣ ናስና ቆዳውን ግን ይለያያል። በዓሉ ሲያልቅ ቀለሃው ይወጣል፣ በጥጥ ጨርቅ ከእጅ ላብ ይታበሳል፣ ወደ ዕቃው ይመለሳል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በዓመት ሁለት ጊዜ መክፈት ነው። በሐምሌ አጋማሽ ቆዳው ላይ ሻጋታ መኖሩን፣ በኅዳር ደግሞ ናሱ ላይ አዲስ አረንጓዴ መውጣቱን ይዩ፤ በሁለቱም ጊዜ ሲሊካ ጄሉን ያድርቁ፤ ያዩትንም ከቀለሃዎቹ ቁጥር፣ ልኬትና ፎቶ ጋር በአንድ ደብተር ላይ ከነቀኑ ይጻፉ። ደብተሩ ዝናሩ ባለበት ሣጥን ውስጥ ሳይሆን የቤቱ ሰነድ ባለበት ይቀመጥ።